«መርዶውን ማን ነገራቸው?»

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ለቅዳሜ ማታ ተመልካቾች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ፊልም የለም። ዛሬ የማወራው ስለ እናንተ ነው፤ ስለ ተመልካቹ። «ዘ ዋየር» የተባለውን፣ በአሜሪካዋ ከተማ በባልቲሞር የሚካሄድ የወንጀል ድራማ ሁለተኛ ሲዝን ባለፈው ቅዳሜ ጨርሰናል። የሲዝኑን የመጀመሪያ ክፍል ያየን ዕለት ይህ አዳራሽ እንዴት እንደነበር የምትረሱት አይመስለኝም። አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ብድግ ብሎ ይወጣል። የተባለውን በማስታወሻ ይዤዋለሁ። ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ ነገር አለ። እዚህ ዳር ላይ የሚኖር ሰው ያንን ክፍል ያየው በራሱ ዓይን ነው። ያ ዓይን ለእኛ አገር ድራማ ጸሐፊዎች ትልቅ ሀብት ነው፤ እስካሁን ግን የተጠቀመበት ሰው አላየሁም። ሲዝኑን ያላያችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ ታሪኩን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የመጀመሪያው ቅሬታ የመጣው ገና መግቢያው ላይ ነው። «ዘፈኑን ምን ነካው?» አለ አንድ ወጣት። ግጥሙ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። አንደኛው ሲዝን ላይ «ብላይንድ ቦይስ ኦፍ አላባማ» የተባለው የመዝሙር ቡድን ነበር የሚዘፍነው። ሁለተኛው ላይ የዘፈኑ ደራሲ ቶም ዌትስ ራሱ በሻካራ ድምፁ ይዞት መጣ። በየሲዝኑ ዘፋኝ ይቀየራል። ልጁ ግን ልክ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ወንበሩ ካስቀመጠበት ቦታ ተነስቶ ሲያገኘው ቅር ይለዋል።

ከዚያ ትልቁ ቅሬታ መጣ። «የእኛ ሰዎች የት ሄዱ?»

አንደኛው ሲዝን በድሆች መኖሪያ ፎቆች መሀል የተሠራ ነው። ዕፅ የሚሸጡት ልጆች አሉ፣ የሚከታተሏቸው ፖሊሶች አሉ። ሁለቱንም ወደናቸው ነበር። ሁለተኛው ሲከፈት ሁሉም ተበትነዋል። መርማሪው ማክነልቲ በቅጣት የወደብ ጀልባ ላይ ተመድቧል። አለቃው ዳንኤልስ ምድር ቤት ውስጥ ኤግዚቢት ይጠብቃል። መርማሪዋ ኪማ ከጥይት ተርፋ ቢሮ ተቀምጣለች። የዕፅ ሻጮቹ አለቃ ኤቨን ባርክስዴል እስር ቤት ነው። ዕፅ ሻጮችን የሚዘርፈው ኦማር ጭራሽ የለም፤ ብቅ የሚለው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ኢድሪስ ኤልባ የሚጫወተው የኤቨን ምክትል ስትሪንገር ቤል ባይኖር ኖሮ ግማሻችሁ ትወጡ ነበር። በእነሱ ፋንታ የማናውቃቸው ነጭ የወደብ ሠራተኞች መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው ያወራሉ።

ክፍሉ አሜሪካ ውስጥ ግንቦት 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኤችቢኦ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲተላለፍም የተነሳው ቅሬታ ይኸው ነበር። ጥቁር ተዋንያን የሞሉበት ድራማ በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ነጭ ወዛደሮች ሲያዞር ብዙ ሰው ተከፋ። እነሱ ደግሞ ዘጠኝ ወር ገደማ ጠብቀው ነበር። እናንተ የጠበቃችሁት አንድ ሳምንት ነው፤ እሱም በዝቶባችኋል።

የፊልሙ ፈጣሪዎች ምክንያት ነበራቸው። ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ የፖሊስ ዘጋቢ የነበረ ሰው ነው። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ የዚያው ከተማ የግድያ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ በኋላ አስተማሪ ሆኗል። የአንድ ወንበዴ ቡድን ታሪክ ሳይሆን የአንድ ከተማ ታሪክ ነበር መሥራት የፈለጉት። ስለዚህ ከዕፅ ገበያው ወደ ወደቡ ሄዱ። ቀጥሎ ወደ ፖለቲካው፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጋዜጣው። ሐሳቡ ትልቅ ነው። ተመልካቹ ግን ቅዳሜ ማታ ከቤቱ የሚወጣው ሐሳብ ናፍቆት አይደለም። ሰው ናፍቆት ነው። ስለዚህ «የት ሄዱ?» ያለውን ሰው ፊልሙ አልገባህም ማለት ነውር ነው። ወዶ ነው የጠየቀው።

«ቀዘቀዘብኝ» ብለው የወጡም ነበሩ። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም። በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ክፍሉ እውነትም ዝግ ያለ ነው፤ አዲስ ፊት ደግሞ ይበዛበታል። አንዳንዱን ሰው ሁለተኛው ክፍል ላይ ቢያመጡት ምንም አይጎድልም ነበር።

የቀሩት ሰዎች ያሉት ነው የሚበልጥብኝ።

የቦዲን ሬዲዮ አስታውሱ። ቦዲ ዕፅ ሻጭ ወጣት ነው። ከባልቲሞር ወጥቶ አያውቅም። ዕቃ እንዲያመጣ ወደ ፊላደልፊያ ሲላክ መኪናው ውስጥ የከፈተው ጣቢያ መንገድ ላይ እየተቆራረጠ ይጠፋል። ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላ ከተማ ሌላ ሬዲዮ እንዳለው አያውቅም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ብንነሳ አዋሽ እንኳን አያደርሰንም።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ግን አልሳቁም። «ልጁ እኮ እውነቱን ነው» አሉ። ረዳት ሆነው መጀመሪያ በወጡበት ጉዞ የለመዱት ጣቢያ ሲጠፋባቸው እሳቸውም አንቴናውን ሊያስተካክሉ ከመኪናው እንደወረዱ ነገሩን። ሚሌ ሲደርሱ የማያውቁት ቋንቋ ገባላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይገባቸው ሲሰሙት አደሩ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ቦዲን ማንም እንደ ወንበዴ አላየውም። ሰፈሩ ውስጥ ተወልዶ ሰፈሩ ውስጥ የቀረ ልጅ ሆነ። ጸሐፊዎቹ የፈለጉት ይህንኑ ይመስለኛል፤ እዚህ ለተቀመጠው ሰው ግን ያስረዱት ጋሼ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ መስታወትም አለ። ፍራንክ ሶቦትካ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ነው። ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስታወት አሠርቶ ያስገባል፤ ሥዕሉ የወደብ ሠራተኞችን ያሳያል። ቫልቼክ የተባለ የፖሊስ አዛዥ ደግሞ ለፖሊሶች መታሰቢያ የሚሆን መስታወት ያንኑ ቦታ ላይ ሊያደርግ አስቦ ነበር። ተቀደመ። ከዚህች ቂም ተነስቶ ነው ሶቦትካን የሚያስመረምረው። ልብ አድርጉ፤ አንድ ሰው አልሞተም፣ አንድ ሳንቲም ጠፋ ያለ የለም። ትልቁ ምርመራ የተወለደው ከመስታወት ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ አልገባኝም ያለ አልነበረም። «ይሄማ የእኛው ሰፈር ነው» አለ አንዱ። ማን ምንጣፍ ሰጠ፣ ማን መጋረጃ ሰጠ፣ የማን ስም ከፊት ተጻፈ። ለእግዜር ቤት በተሰጠ ነገር ተኳርፈው ዓመት የማይነጋገሩ ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። በእኔ ግምት የክፍሉ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው። መንግሥት የሚንቀሳቀሰው በሕግ ብቻ ሳይሆን በሰው ኩርፊያም ጭምር መሆኑን ያሳያል፤ ደግሞ ያለ ምንም ስብከት።

ቀጥሎ የወሰኑ ነገር። ማክነልቲ ጀልባው ላይ ሆኖ ከውሃው ውስጥ የአንዲት ወጣት ሴት አስከሬን ያወጣል። የግድያ ምርመራ ክፍሉ አለቃ ሮውልስ አስከሬኑን አይፈልገውም። ያልተፈታ መዝገብ መርማሪዎቹ የፈቷቸውን ወንጀሎች ቁጥር ያበላሻል። ስለዚህ ቦታው ከከተማው ወሰን ውጭ ነው ተብሎ ካውንቲ ለሚባለው ለጎረቤት አስተዳደር ይተላለፋል። ማክነልቲ በሮውልስ ቂም አለው። ቁጭ ብሎ የማዕበሉንና የነፋሱን ሰንጠረዥ ያገላብጣል፣ ያሰላል። ሴትዮዋ ውሃ ውስጥ የገባችው ከተማው ክልል ውስጥ መሆኑን አረጋግጦ መዝገቡን ሮውልስ ጠረጴዛ ላይ ይመልሰዋል።

እኛ መንገድ ሲሻገሩ አስተዳደር የሚቀየርበት አካባቢ ነው የምንኖረው። አንድ ጉዳይ ይዞ ሄዶ «ይሄ የእኛ ክልል አይደለም፣ ወዲያኛው ጣቢያ ሂዱ» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያን ማታ ከዳር እስከ ዳር ሳቅ ነበር፤ የምሬት ሳቅ። አንዲት ልጅ ግን ሳቁን የቆረጠ ነገር ተናገረች። «ሁለቱም ስለ እሷ አያስቡም» አለች። እውነቷን ነው። አንዱ ቁጥሩን ያስባል፣ አንዱ ቂሙን ያስባል። ጀግናችን ማክነልቲ እንኳን በዚያች ሰዓት ሬሳዋን መበቀያ ነው ያደረጋት።

አሁን ወደ ኮንቴይነሩ ልምጣ።

ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ቢዲ ረስል የተባለችው የወደብ ፖሊስ በተደረደሩት ኮንቴይነሮች መሀል ስትዞር አንዱን ትከፍታለች። ውስጡ 13 ሴቶች ሞተዋል። ከውሃ የወጣችው 14ኛዋ ናት። ወንጀል ድራማ የለመደ ሰው እዚህ ላይ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ማን ገደላቸው?

ያን ማታ ይህን የጠየቀ ሰው ማስታወሻዬ ላይ የለም።

መጀመሪያ የተናገሩት ሹፌሩ ናቸው። «ኮንቴይነር እኮ አንዴ ከታሸገ አየር የለውም። በየት ነበር የሚተነፍሱት?» አሉ። ትራንዚተር ቢሮ፣ ዕቃ ከጉምሩክ በሚያስወጡት ዘንድ፣ የሚሠራ ልጅ የማሸጊያውን ነገር አነሳ። ቁጥሩ የት ተመዘገበ? የት ወደብ ላይ ታሸገ? ሲራገፍ ማን ፈረመ? ሁለቱ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። በኋላ ባየናቸው ክፍሎች ፖሊስ የደረሰበት ነገር ምን ነበር? ለሴቶቹ አየር የሚያስገባው ቧንቧ ተጨፍልቆ ነበር። የእኛ ሹፌር ትክክለኛውን ጥያቄ ከመርማሪዎቹ ቀድመው ጠይቀዋል።

እዚህ ሰፈር ኮንቴይነር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በሞጆ ደረቅ ወደብ አድርጎ የሚመጣው ጭነት እኛው አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሌሊት ተሳቢው ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ግማሹ ሱቃችን ኮንቴይነር ነው። የጥበቃው ቤት ኮንቴይነር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ምን እንደሚመስል ዕቃ ለመግዛት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ባልቲሞር ላይ ምሥጢር የነበረው ነገር እኛ ዘንድ የዕለት ኑሮ ነው።

ከዚያ እዚህ ግቢ ሻይ የሚያፈሉት እናት፣ በር ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት፣ «ቴቴ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። አዳራሹ ወዲያው ገባው።

ለማታስታውሱ ልናገር። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ ከማላዊ የገባ አንድ የጭነት መኪና ለፍተሻ ቆመ። የጫነው ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተዋል። 14 ሰዎች በሕይወት ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር ጉዟቸው። ኮሮና አገራችን በገባበት ሰሞን ስለነበር ወሬው ቶሎ ተዋጠ። የመጀመሪያውም አይደለም፣ የመጨረሻውም አልሆነም። ሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ፣ ዶዶማ አካባቢ፣ ከ40 በላይ ወገኖቻችን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው አልቀዋል። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ የአገሪቱ ፖሊስ ከኢትዮጵያ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።

ስለዚህ ያ ክፍል እዚህ የታየው እንደ ድራማ ብቻ አልነበረም።

እናትየው ቆየት ብለው ሌላ ነገር ጠየቁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። «የነዚህ ልጆች እናቶች መርዶውን ማን ነገራቸው?» አሉ።

የወንጀል ድራማ ሳይ ኖሬያለሁ። የእንግሊዙን አይቻለሁ፣ የቱርኩን አይቻለሁ። ይህን ጥያቄ የሚያስቀድም አላጋጠመኝም። መርማሪ በር አንኳኩቶ «አዝናለሁ» ብሎ የሚሄድበት ትዕይንት ሞልቷል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይደለም። መርዶ ምክክር አለው። ለቅርብ ዘመድ ይነገራል፣ የዕድሩ ሰው ይጠራል፣ ማን ይግባ ይባላል። እናቲቱ የልብ ሕመም አለባት ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሌሊት አይነገርም፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እሷ ብቻ ሳታውቅ የምታድርበት አንድ ሌሊት አለ። ከዚህ የሚበልጥ ልብ ሰቀላ ለድራማ ከየት ይመጣል?

ሬሳ ሳይኖር ደግሞ ምን ይደረጋል? ልጁ በደላላ ሄዷል። ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቷል። ከመንገድ የተመለሰ አንድ ልጅ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል። ለቅሶ ይቀመጡ? ካልሞተስ? ዝም ይበሉ? ከሞተስ? እንዲህ ሆነው የሚኖሩ ቤተሰቦች ደቡብ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ራቅ ሳትሉ እዚሁ አካባቢም ታገኛላችሁ።

«ዘ ዋየር» ይህን አልሠራም ብዬ አልወቅሰውም። ጉዳዩን ፈጽሞ አልረሳውም። ማክነልቲ ያቺን ከውሃ ያወጣትን ሴት ማንነት ለማወቅ ሲባዝን አይተናል፤ አልተሳካለትም። በቂም የጀመረው ሰው መጨረሻ ላይ የእሷ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቶ ሲቸገር ማየት ትልቅ ጽሑፍ ነው። ግን እውነቱ ይነገር። 14 ሴቶች ሞተው የአንዷን እንኳን ቤት አላየንም። ከየት ተነሳች፣ ምን ተብላ ተታለለች፣ ማን ይጠብቃታል? ካሜራው ከፖሊሱ ጋር መጣ፣ ከፖሊሱ ጋር ሄደ። ያቺ ልጅ ስለ ሁለቱ ፖሊሶች ያለችው ነገር በከፊል ለፊልሙም ይሠራል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስክሪፕት የምትጽፉ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ነው አሁን የምናገረው። በእኛ አገር ተከታታይ ድራማ ተመልካቹን ለረጅም ጊዜ ያንጠለጠለው ጥያቄ «ክፉው መቼ ይያዛል?» የሚለው ነው። «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አስታውሱ። ስንቱ ቤት እሱ ሲያዝ ለማየት ነበር የሚቀመጠው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቤት ሙሉ ሰው ያስቀምጣል። ሌላ ጥያቄ ግን ደጃችን ላይ ቆሟል። በመጀመሪያው ክፍል ደላላውን አታሳዩን። ሽጉጥም አታሳዩን። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን አንዲት እናት ብቻ የማታውቅበትን ሌሊት አሳዩን። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ወደ ደላላው፣ ወደ ሹፌሩ፣ ወደ ፈረመው ሰው። ተመልካቹ ይከተላችኋል። ያን ማታ ተከትሏል።

ስትጽፉ ደግሞ ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጠይቁ። ጋሼ ሹፌሩ እዚህ አሉ። ትራንዚተሩ እዚህ አለ። ሕጉንም አንብቡ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለያይቶ ያያቸዋል። ድራማዎቻችን ላይ ሁለቱ ሁልጊዜ ይደባለቃሉ። ተታሎ ለብዝበዛ የተሸጠ ሰውና ገንዘብ ከፍሎ አሻግሩኝ ያለ ሰው ታሪካቸው አንድ አይደለም። እናታቸው የምትጠይቀውም ይለያያል። አንዷ «ማን ሸጠብኝ?» ትላለች፤ ሌላዋ ለጉዞው ገንዘቡን የሰጠችው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛዋን በሚገባ የጻፈ ሰው ካገኘሁ እኔ የመጀመሪያው ተመልካች ነኝ።

በመጪው ቅዳሜ ሦስተኛውን ሲዝን እንጀምራለን። «የእኛ ሰዎች የት ሄዱ?» ያላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ወደ ድሮው ሰፈር እንመለሳለን። አጀማመሩን ግን ካሁኑ ልንገራችሁ። አንደኛው ሲዝን ላይ የለመድናቸው ፎቆች ሊፈርሱ ነው። ከንቲባው ንግግር ያደርጋል፣ ሕዝቡ ቆሞ ያያል፣ ፎቆቹ ሲወርዱ አቧራው ሰዉን ያለብሰዋል። ቦዲና ጓደኛው ፑት እዚያ ስላሳለፉት ነገር ይከራከራሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከካዛንቺስ የመጣችሁ አላችሁ፣ ከፒያሳ የመጣችሁ አላችሁ። ያደጋችሁበት ቤት ከፈረሰ ገና ብዙ ያልቆያችሁ አላችሁ። ምን እንደምትሉ ለመስማት ቸኩያለሁ። 11 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር አለ። አሁን ጥያቄ ያለው ይቀጥል።